ጥቅልል የጊታር ኬብል ልትገዙ ነው?

የድምፅ መሣሪያ ቴክኒሻን ነኝ። በውስጥ መስመር ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ለሁላችሁም ልመልስ። እንደ ድሮ የቤት ስልክ ሽቦ የተጠቀለለው የጊታር ኬብል «መልኩ ነው እንጂ ድምፁ ከቀጥተኛው አይለይም» የሚባለው ልክ አይደለም።

3 ሜትር የሚመስል ጥቅልል ሲዘረጋ ውስጡ ያለው ሽቦ ከዚያ በጣም ይረዝማል። ሽቦ በረዘመ ቁጥር ካፓሲታንሱ ይጨምራል፤ የተለመደ የጊታር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ አለው። ባትሪ የሌለው ፒክአፕ ይህን ጭነት በቀጥታ ስለሚሸከም ትሬብሉ ይቀንሳል፣ ድምፁ ይለዝባል።

ይህ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለት አይደለም። ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንዲህ ዓይነት ኬብል ይጫወት ነበር። ለብሉዝና ለፈዝ ድምፅ እኔም እወደዋለሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ለሚፈልግ ግን አልመክርም። ጊታራችሁ ባትሪ ያለው አክቲቭ ፒክአፕ ካለው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም።

ስትገዙ፦

1. ካፓሲታንሱን ጠይቁ። ካልተጻፈበት አጭሩን ምረጡ።

2. መሰኪያው በብሎን የሚፈታ ይሁን፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ሲላቀቅ መልሶ መበየድ ይቻላል። ተቀርጾ የተደፈነው ግን ተቆርጦ መጣል ነው።

3. ጥቅልል ኬብል ይከብዳል፣ ስትርቁም ወደ ኋላ ይጎትታል። የጊታሩን ጃክ እንዳያላላው በማንገቻው ውስጥ አሳልፋችሁ ሰኩት።

እባካችሁ፣ በርካሽ ስላገኛችሁት ብቻ የስፒከር ኬብል በምትኩ አትሰኩ። መከለያ ስለሌለው ጉርምርምታ ያስገባል።

የጊታራችሁን ዓይነትና ከአምፕሊፋየሩ ያላችሁን ርቀት ጻፉልኝ፤ የሚስማማችሁን እነግራችኋለሁ።