ጥቅል ጎመኑ ታሞ ሰናፍጩ ስለ ምን ተረፈ?

በጾም ወራት ከማዕዳችን የማይለየው ጎመን፥ ለስልጆ የሚገባው ሰናፍጭ፥ ምጣድ የሚታሰስበት ጎመን ዘር፥ ከባሕር ማዶ የመጣልን ጥቅል ጎመን ሳይቀር ሁሉም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። ይህን ቤተ ሰብ የሚያጠቃ፥ በባዕድ ቋንቋ ዳውኒ ሚልዲው የሚባል ደዌ አለ። ብርድና ጤዛ ሲበረታ የቅጠሉ ገጽ በቢጫ ነጠብጣብ ይዥጐረጐራል፤ ገልብጠው ቢያዩት ከሥሩ እንደ ባዘቶ የሳሳ ነጭ ሻጋታ ይገኛል። ይልቁንም ችግኝን ይፈጃል። (ሻጋታ ማለታችን ለአነጋገር ያህል ነው፤ በትውልዱ ለባሕር አልጌ ይቀርባል።)

እንግዲህ ደዌው በመልኩ አንድ ከሆነ፥ ከታመመው ጥቅል ጎመን አጠገብ የበቀለው ሰናፍጭ ጤነኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ያለው ስለ ምንድን ነው? ይህ ነገር ሊቃውንቱን ብዙ አከራክሯል። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ኤርንስት ጎይማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 ዓ.ም. የብናኙን መጠንና የሚያድርበትን ተክል እየመረመረ ደዌውን ከ50 በሚበልጡ ዝርያዎች ከፈለው። በ1959 ዓ.ም. ግን ዬርከስና ሾው የተባሉ ሊቃውንት ይህን ሁሉ መልሰው በአንድ ስም ጠቀለሉት። ዛሬ በውርስ ባሕርዩ ምርመራ የታወቀው፥ በእኛ አስተያየት፥ ለሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ይፈርዳል፤ የጎመኖችና የሰናፍጮች ደዌ በዱር አረም ላይ ከሚኖረው ዘመዱ የተለየ ዝርያ ነው፤ በዚያው ዝርያ ውስጥም ነገድ ከነገድ ይለያያል። ከጥቅል ጎመን የተወሰደው ጥቅል ጎመንን አጥብቆ ይይዛል፥ በሌሎቹ ላይ ግን ይደክማል።

የሐበሻ ጎመን ነገር ልዩ ነው። ዩ የተባለው ሊቅ በ1935 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ የጥቁር ሰናፍጭ 8 እና የጥቅል ጎመን ወገን 9 ክሮሞዞሞች ተገናኝተው የ17ቱን ባለቤት የእኛን ጎመን አስገኙ። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ውርስ በውስጡ ይገኛል።

እናት በጓሮዋ ደኅና ሆኖ የከረመውን ጎመን ዘር ለተዳረች ልጅዋ ስትሰጥ፥ በዚያ አገር ያለው ነገድ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አስባ ከሌላም ቦታ የተገኘ ዘር ብትጨምርላት መልካም ነው። መድኃኒትም ቢሆን ሁሉን ነገድ እኩል አይገድልም፤ በ1980ዎቹ በእንግሊዝ አገር ሜታላክሲል የማይበግረው ነገድ ተገኝቷል። ወፍራም ቅርፊት ያለው ብናኝ በአፈር ውስጥ ተደብቆ ስለሚቈይ፥ የታመመውን ቅጠል ከመደቡ ለቅሞ ማቃጠል፥ ችግኙንም አራርቆ ቅጠሉ ሳይመሽ እንዲደርቅ በማለዳ ማጠጣት ይገባል።