ስማቸው ዲባባ፣ ቤታቸው ለየቅል

በሪዮ ኦሎምፒክ (2016 እ.ኤ.አ.) ዲባባ የሚል ስም ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያት ሜዳሊያ አጠለቁ። ጥሩነሽ በ10,000 ሜትር ነሐስ፣ ገንዘቤ በ1,500 ሜትር ብር፣ ማሬ ደግሞ በማራቶን ነሐስ። ውጤቱን በቴሌቪዥን ያየ የውጭ አገር ሰው ሦስቱንም የአንድ ቤት ልጆች ቢያደርጋቸው አይፈረድበትም፤ በአገሩ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ነውና። እኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። ጥሩነሽና ገንዘቤ ከአሰላ በስተደቡብ በምትገኘው በበቆጂ አካባቢ ያደጉ እህትማማቾች ናቸው። የማሬ አባት ሌላ ዲባባ ነው።

የሚገርመው፣ የማሬና የበቆጂዎቹ ዲባባዎች መንገድ ደጋግሞ መገናኘቱ ነው። በ2015 በቤጂንጉ የዓለም ሻምፒዮና ገንዘቤ በ1,500 ሜትር፣ ማሬ በማራቶን ወርቅ አገኙ። በቺካጎ ማራቶን የ2014ቱ ድል፣ ቀድማ የገባችው ኬንያዊት ከተሰረዘች በኋላ፣ ለማሬ ተሰጠ፤ በ2017 ደግሞ ጥሩነሽ አሸነፈች። ማሬ አንድ ሰሞን ለአዘርባጃን ስትሮጥ ኢብራሂሞቫ ተብላ ነበር። ያኔ ማንም ከጥሩነሽ ጋር አያምታታትም!

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ደራርቱ ቱሉ የእነ ጥሩነሽ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ስሟ ግን ይህን አይናገርም። በአቴንስ 2004 በ10,000 ሜትር የጥሩነሽ እህት እጅጋየሁ ዲባባ ብር፣ ደራርቱ ነሐስ ይዘው አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ስማቸውን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱ ሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ከየት ያውቃል? ትዳርም ስም አይለውጥም። ጥሩነሽ በ2008 ስለሺ ስህንን አገባች፤ ከዚያ በኋላም በለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ጥሩነሽ ዲባባ ተብላ ነው።

የመጀመሪያ ስም ሲመሳሰል የሚለየው ያው የአባት ስም ነው። የበርሊን ማራቶንን ከ2022 እስከ 2024 ያሸነፈችው በየዓመቱ ትዕግስት ናት፤ ሁለቱን ዓመት ትዕግስት አሰፋ፣ በሦስተኛው ትዕግስት ከተማ። ትዕግስት አሰፋ በ2023 የገባችበት 2:11:53 በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። የ2015ቱን የለንደን ማራቶን ያሸነፈችው ትዕግስት ቱፋ ደግሞ ሌላ ሰው ናት።

የጥንት ግሪኮችም በአፈ ታሪካቸው ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል፤ መፍትሔያቸውም ከእኛ ብዙ አይርቅም። አርሲኖኤ የምትባለው አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም። የሌውኪጶስ ልጅ አርሲኖኤ በአንዳንድ ተረክ የሕክምናው አምላክ የአስክሌጲዮስ እናት ናት። የፌጌዎስ ልጅ አርሲኖኤ የአልክሜዮን ሚስት ናት። ሦስተኛዋ ሞግዚት ናት፤ ሕፃኑን ኦሬስቴስን ከሞት ያተረፈች። እሷ የምትታወቀው በአባቷ ሳይሆን ባሳደገችው ልጅ ነው። ሦስቱም በታሪኮቹ ውስጥ ዋና ሰዎች ስላልሆኑ ከስማቸው ጎን የተቀመጠው አባት፣ ባል ወይም ልጅ ከጠፋ ማንነታቸውም አብሮ ይጠፋል።

እኛ ግን አንድ እርምጃ እንጨምራለን፤ እስከ አያት እንቆጥራለን። ቀበሌ ወይም ትምህርት ቤት ሙሉ ስም ሲጠይቅ ሦስት ስም የሚያስሞላው ለዚሁ ነው። የበቆጂዋ ሙሉ ስሟ ጥሩነሽ ዲባባ ቀነኒ ነው። የሌላይቱ ማሬ ዲባባ ሁርሳ ነው። አያት ሲጨመር ክርክሩ አበቃ።

ስፖርት ዘጋቢዎቻችን የውጭውን ልማድ ተከትለው «ዲባባ አሸነፈች» ብለው ባይዘግቡ ይሻላል። ያ አባትየውን መጥራት ነው፤ የሮጠችው ልጅቷ ናትና በራሷ ስም ትጠራ።