ተወዳጁ ኳርተርባክ ሲቀየር፦ ደጋፊዎች የሚከራከሩት ስለ ምንድን ነው?

አሜሪካ ኮሌጅ የገባ የሐበሻ ልጅ “እግር ኳስ” የሚለውን ቃል ለሁለት ከፍሎ መያዝ ይማራል። አንዱ ከቤቱ ይዞት የመጣው፣ ጊዮርጊስና ቡና፣ አርሰናልና ማንችስተር የሚባልበት ነው። ሌላው ከመስከረም ጀምሮ እሁድ እሁድ የዶርም ጓደኞቹን ከቴሌቪዥን ፊት የሚያስቀምጠው የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ሕጉን ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ይበቃል። ክርክሩን ለመረዳት ግን ጊዜ ይወስዳል። ከክርክሮቹ ሁሉ ደግሞ የሚከረው አንድ ቡድን ሰው የሚወደውን ኳርተርባክ አንሥቶ በቦታው ሌላ ሲያስገባ የሚነሣው ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና አንድ እውነተኛ ታሪክ ይዘን እንሂድ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2012 የጸደይ ወራት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ከተሞች የሚወዱትን ኳርተርባክ አሰናበቱ። የሚገርመው፣ አንደኛው ከተማ የሸኘው ሰው በሁለተኛው ከተማ የሌላውን ተወዳጅ ቦታ የወሰደው ራሱ መሆኑ ነው። ሁለተኛዋ ከተማ ዴንቨር ናት። እሷና ጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ስለሆኑ፣ ይህን ክርክር በወቅቱ በጆሯቸው የሰሙ አንባቢዎች እንደሚኖሩ እንገምታለን።

ኳርተርባክ ለምን የተለየ ሆነ?

በአሜሪካ ፉትቦል 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ሙከራው ሲጀመር ኳሱ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገባው በኳርተርባኩ እጅ ነው። ይወረውራል፣ ለሯጩ ያቀብላል ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። ይህን ሁሉ የሚወስነው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየመጡበት በሁለት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው።

እኛ በለመድነው እግር ኳስ አሰልጣኙ ሁለት አጥቂ ሊያሰልፍ፣ አንዱን በ60ኛው ደቂቃ አስወጥቶ ሌላውን ሊያስገባ ይችላል። ኳርተርባክ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ተጠባባቂው ዓመቱን ሙሉ አንድ ኳስ ሳይወረውር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቦታው እንደ ዙፋን ነው፤ አንዱ ካልወረደ ሌላው አይወጣም። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚመሰገነው፣ ሲሸነፍም የሚወቀሰው በአብዛኛው እሱ ነው።

ኢንዲያናፖሊስ፦ 14 ዓመት ያገለገለው ሰው

ፔይተን ማኒንግ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ የገባው በ1998 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ ማለትም በድራፍቱ፣ አንደኛ ሆኖ ተመርጦ ነው። በእሱ ዘመን ቡድኑ ከ2002 እስከ 2010 ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ጥሎ ማለፍ ገባ፤ በየካቲት 2007ም ሱፐር ቦልን አነሣ። ማኒንግ አራት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በከተማው በስሙ የተሰየመ የሕፃናት ሆስፒታል አለ።

በ2011 አንገቱ ላይ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ምክንያት ሙሉውን የውድድር ዘመን አልተጫወተም። ያለ እሱ ቡድኑ ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 2 ብቻ ነበር። በሊጉ ሕግ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ውጤት ያመጣ ቡድን በድራፍቱ ቀድሞ ይመርጣል። በዚያ ዓመት የሚጠበቀው ተማሪ የስታንፎርዱ ኳርተርባክ አንድሩ ላክ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሊጉ እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚያወጣውን ገንዘብ በየዓመቱ ይገድባል። ይህ የደመወዝ ጣሪያ ይባላል። በ2012 ጣሪያው 120.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚህ ውስጥ 53 ተጫዋች መያዝ አለበት። እንደ አውሮፓ ክለብ ባለሀብቱ ኪሱን ከፍቶ ሁለቱንም ኮከብ ልያዝ ቢል ጣሪያው አይፈቅድለትም። በሌላ በኩል ከ2011 ጀምሮ በድራፍት የሚገቡ ወጣቶች ደመወዝ በሕግ ተወስኗል። አንድሩ ላክ ለአራት ዓመት የፈረመው ወደ 22 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለማኒንግ ግን በመጋቢት 2012 መጀመሪያ፣ ገና አንድ ኳስ ሳይወረውር፣ 28 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ሊከፈለው ነበር። የአንድ ቀን ክፍያው የወጣቱን የአራት ዓመት ደመወዝ ይበልጣል ማለት ነው።

መጋቢት 7 ቀን የቡድኑ ባለቤት ጂም ኧርሴይና ማኒንግ ጎን ለጎን ቆመው መለያየታቸውን ተናገሩ። የማኒንግ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ በቴሌቪዥን ታየ። ዕድሜው 36 ሊሞላ ቀናት ቀርተውት ነበር።

ዴንቨር፦ ያሸነፈው ልጅ

ቲም ቲቦ ከማኒንግ ጋር በምንም አይመሳሰልም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን ሽልማት የወሰደ፣ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ በመጸለዩ ጨዋታውን የማያዩ ሰዎች ሳይቀሩ የሚያውቁት ወጣት ነበር። በ2011 ዴንቨር ብሮንኮስ ከአምስት ጨዋታ አራቱን ሲሸነፍ አሰልጣኙ ካይል ኦርተንን አስቀምጠው ቲቦን አሰለፉ። እንዲሰለፍ ሲጮህ የነበረውም ደጋፊው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማመን ያስቸግራል። በማያሚ ጨዋታ 15 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪ ሰዓት 18 ለ 15 አሸነፉ። ከካንሳስ ሲቲ ጋር ቲቦ በጨዋታው ሙሉ ስምንት ጊዜ ወርውሮ የተያዘለት ሁለት ብቻ ነበር፤ ቡድኑ ግን አሸነፈ። በጥር 2012 በጥሎ ማለፉ ፒትስበርግን የገጠሙ ዕለት፣ በተጨማሪ ሰዓቱ የመጀመሪያ ሙከራ ለዲማሪየስ ቶማስ የወረወራት ኳስ 80 ያርድ ሄዳ ጨዋታውን ጨረሰች። በቀጣዩ ሳምንት ግን በኒው ኢንግላንድ 45 ለ 10 ተሸነፉ።

የቡድኑ የስፖርት ኃላፊ ጆን ኤልዌይ ነበር። እሱ ራሱ ለዴንቨር ሁለት ሱፐር ቦል ያስገኘ ኳርተርባክ ነው። ኤልዌይ የተመለከተው ሌላ ቁጥር ነው፦ ቲቦ በዚያ ዓመት ከወረወራቸው ኳሶች ለጓደኞቹ የደረሱት 46.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሊጉ ጥሩ የሚባል ኳርተርባክ ከ60 በመቶ በላይ ያደርሳል። መጋቢት 20 ማኒንግ ለዴንቨር በአምስት ዓመት 96 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በማግስቱ ቲቦ ለኒው ዮርክ ጄትስ ተሰጠ። ከሁለት ወር በፊት ከተማውን ያስጨፈረው ልጅ የተሸጠው በገንዘብ አይደለም፤ በአራተኛና በስድስተኛ ዙር የድራፍት ተራ ነው።

በአንድ ክርክር ውስጥ ሦስት ጥያቄ

በሁለቱም ከተሞች ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩን በጥሞና የሰማ ሰው ግን የሚጨቃጨቁት አንድ ጥያቄ ይዘው እንዳልሆነ ያስተውላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የውለታ ነው። “ይህ ሰው ይህን ሁሉ አድርጎልን እንዴት እንዲህ ይሸኛል?” የሚለው ደጋፊ ስለ መጪው ዓመት እያወራ አይደለም። በእኛ አባባል “ወርቅ ላበደረ ጠጠር” እያለ ነው። ለዚህ ሰው የወጣቱን ደመወዝ ብትነግሩት አይሰማችሁም፤ የጠየቀው እሱን አይደለምና።

ሁለተኛው ጥያቄ የዛሬ ነው፤ “አሁን ከሁለቱ የተሻለው ማን ነው?” ይላል። እዚህም ሁለት ወገን አለ። አንዱ ውጤት ይቆጥራል፦ ቲቦ በመደበኛው ውድድር ከጀመራቸው 11 ጨዋታዎች 7ቱን አሸንፏል። ሌላው ሥራውን ይመዝናል፦ ተከላካዮቹ ባያድኑት፣ በረኛ በሌለው ጎል እንኳ የማያስገባ አጥቂ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የሚለያዩት ያለፈ ድል ለወደፊቱ ምን ያህል ዋስትና ይሆናል በሚለው ላይ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የነገ ነው፤ “በዚህ ገንዘብና በዚህ ዕድሜ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን ላይ እንሆናለን?” ቢሮ የተቀመጡት ሰዎች የሚከፈላቸው ይህን ለመመለስ ነው። ደጋፊው ግን ትኬት የሚገዛው ለዚህ እሁድ ነው፤ ማሊያ የሚገዛውም በሚወደው ሰው ስም ነው።

እኛም ይህን ስሜት በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን ሲያጠልቅ ያየ ሰው፣ በ2004 አቴንስ ቀነኒሳ በቀለ አሸንፎ ኃይሌ አምስተኛ ሲወጣ ደስታና ኀዘን አንድ ላይ ተሰምቶታል። በዚያ ግን የቀየረው ቢሮ የለም፤ የፈረደው ሩጫው ራሱ ነው። ፉትቦል ውስጥ ቁስሉን የሚያብሰው፣ ፍርዱ ሜዳ ላይ ሳይሆን በር ተዘግቶ መሰጠቱ ነው። ማኒንግ በላክ ተሸንፎ አልወጣም፤ ቲቦም ከማኒንግ ጋር ተወዳድሮ አልወደቀም።

ውጤቱ ማንን ትክክል አደረገ?

ዴንቨርን እንይ። ከማኒንግ ጋር አራቱንም ዓመት ምድቡን መራ። በ2013 ማኒንግ በአንድ የውድድር ዘመን 55 የታችዳውን ኳስ አቀብሎ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በሱፐር ቦል ግን በሲያትል 43 ለ 8 ተረቱ። ቲቦ በበኩሉ በጄትስ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ ከዚያ ወዲያ በሊጉ መደበኛ ጨዋታ አልተሰለፈም። እስከዚህ ድረስ ቢሮው ያሸነፈ ይመስላል።

ኢንዲያናፖሊስም አልከሰረም። ላክ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 11 ጨዋታ አሸነፈ። በጥቅምት 2013 ማኒንግ እንግዳ ሆኖ ሲመለስ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ጨዋታውን ግን ላክ 39 ለ 33 ወሰደ። ነገር ግን የነገ ስሌት ሁሉን አያይም። ላክ በጉዳት ብዛት ተሰላችቶ በነሐሴ 2019፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ ጫማውን ሰቀለ። ዜናው የተሰማው ጨዋታ እየተካሄደ ነበርና ከሜዳ ሲወጣ የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት። ከዚያ ዓመት እስከ 2023 ኮልትስ የውድድር ዘመኑን በየዓመቱ በተለያየ ኳርተርባክ ጀመረ።

በ2015 ደግሞ ያው ክርክር ዴንቨር ውስጥ በማኒንግ ላይ ተነሣ። ኅዳር 15 ቀን ከካንሳስ ሲቲ ጋር ሲጫወቱ በዕድሜ ልክ የቅብብል ያርድ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ጨዋታ አራት ኳስ ለተቃራኒ አስረክቦ ከሜዳ ወጣ፤ በቦታው ወጣቱ ብሮክ ኦስዋይለር ገባ። ኦስዋይለር ሰባት ጨዋታ ጀምሮ አምስቱን አሸነፈ። በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ግን አሰልጣኙ ማኒንግን መለሱት። ቡድኑም በየካቲት 2016 ካሮላይናን 24 ለ 10 አሸንፎ ሱፐር ቦልን ወሰደ፤ የጨዋታው ኮከብ የተባለው ተከላካዩ ቮን ሚለር ነው። ማኒንግ በዚያው ጡረታ ወጣ፣ ኦስዋይለርም ወደ ሂዩስተን ሄደ፣ ዴንቨርም ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ጥሎ ማለፍ አልገባም። ታዲያ ማን ትክክል ነበር? ዋንጫውን የሚያነሣ አንድ መልስ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስምንት ዓመታት የሚቆጥር ሌላ።

ክርክሩ ውስጥ ሲገቡ

በዚህ ዓመትም ባላችሁበት ግዛት አንድ ቡድን ኳርተርባኩን ለመቀየር ያስብ ይሆናል። ጓደኞቻችሁ ሲጨቃጨቁ ወገን ከመምረጣችሁ በፊት ተናጋሪው የትኛውን ጥያቄ እየመለሰ እንደሆነ አዳምጡ፦ የውለታውን፣ የዛሬውን ወይስ የነገውን? ደመወዙ ስንት ነው? ውሉ መቼ ያልቃል? ዕድሜውስ? ተተኪው በድራፍት የመጣ ነው ወይስ ከሌላ ቡድን? እነዚህን አራት ነገሮች የሚያውቅ ሰው ጨዋታውን ማየት የጀመረ ትናንት ቢሆንም ክርክሩ ውስጥ ይገባል።

ውለታን ግን እንደ ሞኝ ጥያቄ አትዩት። የደመወዝ ጣሪያ ለምስጋና የሚሆን መስመር የለውም፤ ስለዚህ ምስጋናው የሚቀረው በደጋፊው እጅ ነው። በጥቅምት 2017 ኢንዲያናፖሊስ ከኮልትስ ስታዲየም ደጃፍ ላይ የማኒንግን ሐውልት መረቀች፤ 18 ቁጥር ማሊያውንም ማንም እንዳይለብሰው አደረጉ። ቡድኑ ውሉን ባፈረሰ በአምስተኛው ዓመት መሆኑ ነው።