በቤተ መዘክር ውስጥ የሚያስረዳ ሰው ጥቅም

ከእንጅባራና ከዳንግላ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የምትመጡ ሁሉ፥ አምስት ኪሎ አጠገብ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ስትገቡ አስጐብኚ ያዙ። ብዙው ጐብኚ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ለማየት ይቸኩላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀረጹትን ደንጊያዎች ግን አልፎአቸው ይሄዳል። በላያቸው ያለው የሳባ ጽሕፈት ላልተነገረው ሰው ተራ ጭረት ነውና አይፈረድበትም። አስጐብኚው ግን ያ ጽሕፈት ተነባቢውን እንጂ አናባቢውን እንደማያመለክት ያስረዳል፤ «በ፣ ቡ፣ ቢ» እየተባለ የሚለየው ምልክት በፊደላችን የገባው በ4ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ዒዛና ዘመን ገደማ ነው። በአማርኛም ሆነ በአዊኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ ካላችሁ፥ ፊደሉ አንድ ነውና፥ ይዛችሁት ግቡ፤ ከጭረቶቹ መካከል «በ»ንና «ገ»ን ፈልጎ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም።