ጨረር የመታው ህዋስ ይጠገናል ወይስ ይሞታል? በውሳኔው የሚሳተፉት ጥቃቅን አርኤንኤዎች

ተመሳሳይ የካንሰር ዓይነት ያለባቸው ሁለት ታማሚዎች እኩል መጠን ያለው ጨረር ቢሰጣቸው፣ የአንደኛው ዕጢ ሲከስም የሌላኛው ሕክምናውን ተቋቁሞ ሊያድግ ይችላል። ተመራማሪዎች ለዚህ ልዩነት ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ፕሮቲን የማይሠሩ አርኤንኤዎች ናቸው።

አርኤንኤ ይበልጥ የሚታወቀው የዲኤንኤን መመሪያ ፕሮቲን ወደሚመረትበት የህዋስ ክፍል በማድረስ ነው። ሆኖም ከሰው ልጅ ዲኤንኤ የፕሮቲን መመሪያ የያዘው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከቀሪው ክፍል ከሚቀዱት አርኤንኤዎች የተወሰኑት የሌሎች ዘረ-መሎችን ሥራ ይቆጣጠራሉ። ከእነዚህ መካከል ማይክሮ አርኤንኤ የተባሉት፣ እ.አ.አ. በ1993 ይፋ በሆነ በትል ላይ በተሠራ ምርምር ታወቁ። ተመራማሪዎቹ ቪክተር አምብሮስ እና ጋሪ ሩቭኩን ለዚህ ግኝት በ2024 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ጨረር ህዋስን ሲመታ ምን ይፈጠራል?

ለካንሰር ሕክምና የሚውለው ጨረር ሁለቱንም የዲኤንኤ ገመዶች ሊበጥስ ይችላል። ጉዳቱ ሲደርስ ፒ53 የተባለ ፕሮቲን ይነቃና ማይክሮ አርኤንኤ-34 በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ይህ ሞለኪውል የህዋስ መከፋፈልን የሚያፋጥኑና ህዋስን ከሞት የሚከላከሉ ፕሮቲኖች እንዳይመረቱ ይገታል። በዚህም መከፋፈሉ ቆሞ ለጥገና ጊዜ ይገኛል፤ ጉዳቱ ከከፋ ደግሞ ህዋሱ ራሱን ያጠፋል።

በተቃራኒው ማይክሮ አርኤንኤ-21 በበርካታ የካንሰር ዓይነቶች ከልክ በላይ ይመረታል። ዕጢን የሚገቱ ዘረ-መሎችን ስለሚያፍን፣ የካንሰር ህዋሳት ጨረርን እንዲቋቋሙ እንደሚያግዝ የቤተ ሙከራ ጥናቶች አሳይተዋል።

ለታማሚዎች ምን ፋይዳ አለው?

ማይክሮ አርኤንኤዎች በደም ውስጥም ይገኛሉ። በ2015 የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጨረር ካገኛቸው ከ24 ሰዓት በኋላ በተወሰደ ደም ጉዳቱ ለሞት የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን መለየት እንደሚቻል አመልክቷል።

ዕውቀቱን ወደ መድኃኒት መቀየር ግን ቀላል አልሆነም። ማይክሮ አርኤንኤ-34ን አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት በካንሰር ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት በማስከተሉ፣ ሙከራው በ2016 ተቋርጧል።

ከካንሰር ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ በሕክምናቸው ሂደት ጨረር ያስፈልጋቸዋል። ለረጅም ዓመታት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ በቆየባት ኢትዮጵያም ሆነ መሣሪያው ውስን በሆነባቸው ሌሎች አገራት፣ ሕክምናው ማንን ይበልጥ እንደሚጠቅም አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ትርጉም አለው። እስከዚያው ሐኪሞች የጨረሩን መጠን የሚወስኑት በዋናነት የዕጢውን ዓይነት፣ ቦታና ደረጃ መሠረት አድርገው ነው።