አንድ ሥራ፣ ብዙ ቅጂ፦ የክላሲካል አልበምን ከዳር እስከ ዳር መስማት

ዮሐን ሰባስቲያን ባኅ «ጎልድበርግ ቫርዬሽንስ» በሚል ስም የሚታወቀውን ሥራውን ያሳተመው በ1741 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ኖታው ያው ነው። ፒያኒስቶች ግን ዛሬም ይቀዱታል፤ አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥርም አድማጮች ይከራከራሉ። አንዱ «ቸኮለበት» ይላል፤ ሌላው «ነፍስ ዘራበት» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የቀድሞው ምን ጎድሎት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ የሆነ ሰው ክርክሩ ትርጉም የለሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ትዝታን ማን አሳምሮ እንደተጫወተው ሲከራከር ያደገ ኢትዮጵያዊ ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዜማው የሁሉም ነው፤ አያያዙ ግን የእያንዳንዱ ነው።

ለዚህ ልዩነት በር የሚከፍተው ራሱ ኖታው ነው። ኖታ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ በትክክል ይናገራል። ምን ያህል ይፍጠን፣ የቱ ጋ ትንፋሽ ይወሰድ፣ የትኛው እጅ ጎልቶ ይሰማ የሚለውን ግን በአብዛኛው ለተጫዋቹ ይተወዋል። ፍጥነትን በቁጥር የሚለካው ሜትሮኖም የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው በ1815 ሲሆን ያኔ ባኅ ከሞተ 65 ዓመት ሆኖታል። ከዚህም በላይ ባኅ ሥራውን የጻፈው ከፒያኖ ቀድሞ ለነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ ለሃርፕሲኮርድ ነው። በዘመናዊ ፒያኖ የሚጫወት ሁሉ ገና ከመነሻው የራሱን ውሳኔ ወስኗል ማለት ነው።

ይህን በጆሮ ለመረዳት ከካናዳዊው ግሌን ጉልድ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ጉልድ ሥራውን በ1955 ኒውዮርክ በነበረው የኮሎምቢያ ሸክላ ኩባንያ ስቱዲዮ ሲቀዳ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ሸክላው በቀጣዩ ዓመት ወጥቶ ስሙን በአንድ ጊዜ ዓለም አወቀው። በ1964 የመድረክ ኮንሰርትን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለስቱዲዮና ለብሮድካስት ሥራ ሰጠ። በ1981 ደግሞ ያንኑ ሥራ እንደገና ቀዳው። ቅጂው በ1982 ወጣ፤ ጉልድም በዚያው ዓመት በ50 ዓመቱ አረፈ። የመጀመሪያው ቅጂ 38 ደቂቃ ያህል ሲወስድ፣ ሁለተኛው 51 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ አድማጭ ይሳሳታል። የአልበምን ጠቅላላ ርዝመት አይቶ «ይሄኛው ዝግ ያለ ነው» ማለት አይቻልም። ባኅ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲጫወቱት ምልክት አድርጎበታል። ጉልድ በ1955 ድግግሞሾቹን ዘለላቸው፤ በ1981 ግን የተወሰኑትን ተጫወተ። ስለዚህ የ13 ደቂቃው ልዩነት ከፍጥነት ብቻ የመጣ አይደለም። ፍጥነቱን ለይቶ ማወዳደር የሚፈልግ መግቢያውን ዜማ፣ አሪያውን፣ ከሁለቱም ቅጂ አውጥቶ ይስማ። በሁለቱም ቅጂ ያለ ድግግሞሽ የተጫወተው ስለሆነ ንጽጽሩ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ ሁለተኛው ሦስት ደቂቃን ያልፋል። ወጣቱ ጉልድ ወደፊት ይሄዳል። ጎልማሳው እያንዳንዱን ድምፅ ካስቀመጠ በኋላ ይጠብቃል። እኔ ለልቤ የሚቀርበኝ የኋለኛው ነው፤ የመጀመሪያውን ወጣትነት ግን ማንም በኋላ ሊደግመው አልቻለም፣ ጉልድ ራሱም ጭምር። በሁለቱም ላይ እየተጫወተ ሲያንጎራጉር ይሰማል። ይህን የሚጠሉ አሉ፤ የሚወዱም አሉ።

እስካሁን ያልነው ስለ አጨዋወት ነው። ስለ ቅደም ተከተል የሚነሣው ሙግት ደግሞ ያነሰ ይወራል፤ በእኔ እምነት ግን የአልበም ግማሽ ነገሩ እርሱ ነው። የሚገርመው ባኅ ራሱ የዚህ ጥበብ ታላቅ መምህር መሆኑ ነው። ጎልድበርግ አሪያውን፣ በአሪያው ባስ (ዝቅተኛው ድምፅ) ላይ የተሠሩ 30 ቫርዬሽኖችን (ልዩ ልዩ አቀራረቦችን)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያንኑ አሪያ የያዘ ነው። ከሠላሳዎቹ ውስጥ በየሦስተኛው፣ ማለትም ከ3ኛው እስከ 27ኛው፣ ካኖን ይመጣል፤ አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው ዘግይቶ እየተከተለ ይደግመዋል ማለት ነው። በየካኖኑ ተከታዩ ድምፅ ከመሪው የሚርቅበት እርከን በአንድ ይሰፋል። 16ኛው እንደ አዲስ ድግስ መክፈቻ ታላቅ ሆኖ ስለሚገባ አድማጩ ሁለተኛው አጋማሽ መጀመሩን ያውቃል። ከዚያ 25ኛው ይመጣል፤ ዝግ ያለ፣ ያዘነ፣ በብዙ ቅጂዎች ከሁሉም ረጅሙ። ባኅ ይህን ኀዘን መጨረሻ ላይ አላስቀመጠውም። ከኋላው እየፈጠኑና እየደመቁ የሚሄዱ ክፍሎች አሰለፈ። 30ኛው ላይ፣ አድማጩ ሌላ ካኖን ሲጠብቅ፣ በዘመኑ ሕዝብ የሚዘፍናቸውን ዜማዎች አቀላቅሎ አቀረበለት። ዛሬ 25ኛውን ነጥሎ «ለእርጋታ» ከተሰበሰቡ ሙዚቃዎች ጋር የሚሰማ ሰው ውብ ነገር ሰምቷል፤ ከኀዘኑ የሚያወጣውን መንገድ ግን አልሄደበትም።

ምን ያህል ሙዚቃ በአንድ ትንፋሽ እንደሚሰማ ለረጅም ጊዜ የወሰነው መሣሪያው ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው አሮጌ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበር አንድ ሲምፎኒ ለመስማት ሸክላ እየቀያየሩ መነሣትና መቀመጥ ግድ ነበር። ኮሎምቢያ በ1948 ያወጣው ረጅሙ ሸክላ በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ያዘ። በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ ከ70 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ አስኬደ። የኢንተርኔት ስርጭት ደግሞ ገደቡን ጨርሶ አነሣው፤ አልበሙንም ወደ ነጠላ ቁርጥራጭ መለሰው። ዛሬ ቅደም ተከተል የሚያወጣ ሙዚቀኛ አድማጩ በማንኛውም ሰዓት ጥሎት ሊሄድ እንደሚችል ያውቃል።

በዚህ ዘመን አልበምን ከዳር እስከ ዳር እንዲሰማ አድርገው ከሚያዘጋጁት መካከል አይስላንዳዊው ፒያኒስት ቪኪንጉር ኦላፍሶን ይገኝበታል። በ2020 ባወጣው አልበም ሁለት ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲዎችን አንድ ላይ አመጣ፤ በ1764 የሞተውን ራሞንና በ1862 የተወለደውን ዴቡሲን። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ እያፈራረቀ ተጫወታቸው። ማሳረጊያው ላይ ዴቡሲ ለራሞ መታሰቢያ የጻፈው ሥራ ይመጣል። እዚያ የደረሰ አድማጭ መታሰቢያው ለማን እንደሆነ አስቀድሞ በጆሮው ያውቀዋል። ይኸው ሥራ ለብቻው ቢሰማ ያማረ፣ ክብር ያለው ሙዚቃ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ዴቡሲ ከሚያከብረው ሰው ፊት ቆሞ የሚናገር ይመስላል። በ2022 በወጣው «ፍሮም አፋር» ደግሞ ያንኑ ቅደም ተከተል ሁለት ጊዜ ቀዳው፤ አንዱን በትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ፣ ሌላውን ግድግዳ ተደግፎ በሚቀመጠው፣ ድምፁ በጨርቅ በለዘበ የቤት ፒያኖ። በ2023 ጎልድበርግን ሲያወጣ ግን አንዲት ክፍል እንኳ ከቦታዋ አላነቃነቀም። ቅጂው ከ70 ደቂቃ በላይ ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ማፈራረቅ የማይወዱ አድማጮች አሉ፤ ተቃውሟቸውም ሊናቅ አይገባም። ደራሲው በተከታታይ እንዲሰማ ካደራጀው ስብስብ አንዷን ክፍል ነቅሎ ከሌላ ዘመን ሥራ አጠገብ ማስቀመጥ የተጫዋቹን ሐሳብ ከደራሲው ሐሳብ በላይ ከፍ ያደርጋል ይላሉ። እኔ የምለየው በሥራው ጠባይ ነው። እንደ ጎልድበርግ ቅደም ተከተሉ የትርጉሙ አካል የሆነ ሥራ ሊበተን አይገባም። በየራሳቸው የቆሙ አጫጭር ሥራዎች ግን ጎረቤት ሲቀየርላቸው ያልተሰማ ነገር ያሰማሉ። ይህን ለመዳኘት አድማጩ ስፌቱን መስማት አለበት፤ አንዱ ሥራ በየትኛው ድምፅ አለቀ፣ ስንት ሰከንድ ዝም ተባለ፣ ቀጣዩስ ከየት ተነሣ? ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ስልኩ ላይ ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ምልክት ማጥፋት ነው። ከዚያ «ወደድኩት» ወይም «አልወደድኩትም» ከማለት አልፎ የቱ ላይ እንደወደደው በደቂቃ መጥቀስ ይችላል። ሌላው ሰው ያንን ደቂቃ ሰምቶ መልስ ሊሰጥበት የሚችል አስተያየት እንዲህ ያለው ነው።

የኢትዮጵያዊቷ መነኩሲትና ፒያኒስት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በዓለም ዙሪያ የታወቁበት መንገድም የቅደም ተከተል ታሪክ ነው። እማሆይ በተለያየ ጊዜ ያስቀዷቸው ሥራዎች በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ አልበም ላይ ተሰብስበው ወጡ። የባሕር ማዶው አድማጭ በአብዛኛው ያወቃቸው ሌላ ሰው መርጦ ባሰለፈው በዚያ ስብስብ በኩል ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ2024፣ ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜሙባቸው ቅጂዎች «ሱቨኒርስ» በሚል አልበም ወጡ። የፒያኖ ሥራዎቻቸውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ ተመልሶ ሲሰማ ፒያኖው ራሱ የሚያዜም ሆኖ ያገኘዋል።

የፒያኖ ሥራዎቻቸው ኖታ በ2013 በመጽሐፍ ታትሟል። ይህ ለእኔ ታላቅ ነገር ነው፤ ሥራው ከራሳቸው ጣት ወጥቶ ወደ ሌሎች እጅ የሚሻገርበት በር ተከፍቷልና። የእማሆይ አጨዋወት ምቱን አጥብቆ አይቆጥርም፤ ይዘገያል፣ ይንጠለጠላል፣ ድንገት ይፈስሳል። በእንግሊዝኛ ርዕሱ «ዘ ሆምለስ ዋንደረር» የተባለውን ሥራ ከመጽሐፉ ላይ የሚያነብ ወጣት ፒያኒስት እሳቸው በዘገዩበት ቦታ ምን ያህል እንደሚዘገይ ራሱ መወሰን ይኖርበታል። የእሳቸውን ጊዜ ልክ በልክ ይቅዳ ወይስ የራሱን ይፈልግ? አዲስ አበባ ላይ፣ ዋሽንግተን ላይ፣ ኢየሩሳሌም ላይ ያሉ አድማጮች በዚህ ሥራ ሁለት ሦስት ቅጂ እያነጻጸሩ ሲሟገቱ መስማት እናፍቃለሁ።