ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ሲገዙ የሞተሩን ብሎክ ስለ መመርመር

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የሚሠራ ነጋዴ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ለመግዛት በሚነሣበት ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙን ማማርና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ነው። ቀለም ግን በአንድ ሳምንት ይቀባል፤ ቆጣሪውንም ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ነጋዴው በገንዘቡ የሚገዛው ዋና ነገር የሞተሩ ብሎክ ነው፤ ይኸውም ሲሊንደሮቹ የተበሱበት፣ ክራንክ ሻፍቱ የተቀመጠበት፣ ውሃና ዘይት በውስጡ የሚመላለሱበት አንድ ወጥ የብረት ግንድ ማለት ነው። ጎማ፣ ባትሪ፣ ፍሪሲዮንና ራዲያተር እንደየጊዜያቸው የሚለወጡ ናቸው። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም ከልክ በላይ ከተበላ ግን መኪናው ሞተሩን እንዳጣ ይቆጠራል።

ነገሩ በአሁኑ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገሩ ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ ይፈለጋል። ቲማቲም ከመቂ ጭኖ በመንገድ ላይ የቆመ ነጋዴ ደግሞ የሚከስረው የጥገናውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ቲማቲሙ መካኒኩን አይጠብቅም።

ብሎክን የሚጎዱት በዋነኛው ሙቀት፣ ውሃና አቧራ ናቸው። ሦስቱም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በብዛት ይገኛሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የውሃው ነገር ነው። የአካባቢያችን የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድና ሌላም የተሟሟ ጨው የበዛበት ነው። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅማ ጨውነቱ ለመስኖ እንኳ የሚያስቸግር ነው። ይህ ውሃ በሰው ጥርስ ላይ የሚያደርሰውን ሁሉም ያውቃል፤ በሞተር ውስጥ የሚያደርሰውን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሾፌሩ በኩላንት ፈንታ ከጉድጓድ ወይም ከቦይ የቀዳውን ውሃ በራዲያተሩ ውስጥ ሲጨምር ከርሞ እንደ ሆነ፣ በብሎኩ የውሃ መተላለፊያ ዙሪያ ዝገትና ቅርፊት ይጋገራል። ቅርፊቱም ሙቀቱ ከብረቱ ወደ ውሃው እንዳይተላለፍ ይከለክላል። መለኪያው ደኅና እያሳየ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል ማለት ነው።

ከፍታችንም በዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በከተማችን ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአሰላ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል በመሆኑ፣ በሥራና በመፍላት መካከል የሚቀረው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውሃውን በግፊት አምቆ በመያዝ የመፍያውን ልክ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጎማው የተበላ ወይም በጨርቅ የታሰረ ክዳን ያገኘ ገዢ፣ መኪናው በዳገት ላይ ስንት ጊዜ ፈልቶ እንደ ነበረ ሊያስብ ይገባዋል። የፈላን ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶ ማብረድ በመንገዳችን የተለመደ ነው፤ ቴስታታንና ብሎክን የሚሰነጥቅ ከዚህ የባሰ ልማድ ማግኘትም ያስቸግራል።

የሞተሩን ዓይነት መለየትም ይጠቅማል። በገበያችን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ቀደም ያሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት ሞተሮች (በቅደም ተከተል 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር ገደማ) ብሎካቸውም ቴስታታቸውም ጥቁር ብረት ነው፤ ጉልበታቸው አነስተኛ ቢሆንም አሠራራቸው ቀላል ስለሆነ የሰፈር መካኒክ ያውቃቸዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ዲ ፎር ዲ የሚባሉት 2ኬዲና 1ኬዲ ብሎካቸው ያው ብረት ሲሆን ቴስታታቸው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል፤ ጨዋማ ውሃም ቶሎ ይበላዋል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የኢንጄክተሮቹ የመዳብ ቀለበቶች ሲያፈስሱ ጥቀርሻው ወደ ዘይቱ እየወረደ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። ይህም ሲሆን ዘይት ለክራንክ ሻፍቱ አይደርስም፤ ጉዳቱም ወደ ብሎኩ ያልፋል። በእኛ አስተያየት ከመቂና ከባቱ እርሻ መንገድ ለማይወጣ ጭነት አሮጌው 3ኤል ወይም 5ኤል ይመረጣል፤ በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ግን አዲሱ ይሻላል፤ የኋላ ታሪኩ ከታወቀ ነው።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ ገዢው ሻጩን አስቀድሞ ሊለምነው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ እስክደርስ ድረስ ሞተሩን አታስነሣ ማለት ነው። ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር፣ ታጥቦም የሚያብለጨልጭ ሞተር የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል። በቀዝቃዛው ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃውን ማየት ነው። ቀለም ያለው ንጹሕ ኩላንት መልካም ምልክት ነው፤ እንደ ቀይ አፈር የደፈረሰ ውሃ የዝገት ምስክር ነው፤ በላዩ ዘይት ከተንሳፈፈ ግን ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም የተሰነጠቀ ነገር አለ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ይዞ ቢወጣ ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቷል ማለት ነው። በብሎኩ ጎን ያሉት ክብ የቆርቆሮ ውታፎች ዝገው ያነቡ እንደ ሆነም በባትሪ መብራት ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ደላላው ቢያጉረመርምም።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይነሣ። ክዳኑ እንደ ተከፈተ ወዲያውኑ በራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ወደዚያው ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስና በዘይት መጨመሪያው አፍ በኃይል የሚተነፍስ ጋዝ ደግሞ የፒስተን ፋሻውና የሲሊንደሩ ግድግዳ መበላታቸውን ያሳያሉ። ይህ ጉዳት በአብዛኛው የአቧራ ሥራ ነው፤ የሸለቆው ነጭ የእሳተ ገሞራ አቧራ እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚፍቅ የአየር ማጣሪያውንና የጎማ ቱቦውን ሳያዩ መሄድ አይገባም።

ከከተማ ውጭ መንዳትም የግድ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ700 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለንም፤ ከተቻለም ጭነት ይዞ መውጣት ነው። የሙቀት መለኪያው በዳገቱ ላይ ከቦታው ከተነቃነቀ ዋጋው ላይ መነጋገር ወይም መተው ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ግዢው የሚያጓጓ ከሆነ የሲሊንደሮቹን ግፊት በመሣሪያ ማስለካት ተገቢ ነው። ለቶዮታ ኤል ዓይነት ሞተሮች ደኅናው ልክ በካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ኪሎ ገደማ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ 20 ኪሎ ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 ኪሎ ሊበልጥ አይገባም። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች ለባሕር ወለል የተጻፉ ናቸው። በአዳማ አየሩ ስስ በመሆኑ ደኅናው ሞተር እንኳ አንድ ስድስተኛ ያህል አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ሻጩን በከንቱ ከመክሰስ ይልቅ አራቱን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ይበልጣል።

በገበያው ውስጥ «ሞተሩ ያልተከፈተ» የሚለው ቃል እንደ ትልቅ ምስጋና ይነገራል። ነገር ግን በጥሩ ቶርኖ ቤት ተለክቶ፣ ሲሊንደሩ ተፈቅፎ፣ ልኩ የሆነ ፒስተን ገብቶለት፣ ደረሰኙም የተቀመጠለት ሞተር፣ ማንም ሳይነካው ሃያ ዓመት የጉድጓድ ውሃ ከጠጣው ሞተር ይሻላል። ሲሊንደር ደጋግሞ የማይፈቀፍ ስለሆነ የፒስተኑ ልክ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንዳለፈ መጠየቅ ነው፤ የመጨረሻው ልክ ላይ ደርሶ ከሆነ ቀጣዩ ወጪ ለገዢው ይተርፋል።

በመጨረሻም የሞተሩ ቁጥር የሚገኘው በብሎኩ ላይ ነው። ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ ዙሪያው ተሞርዶ ወይም እንደገና ተመትቶ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ብሎኩ ተለውጦ ከሆነ የተገዛበት ሰነድና በሊብሬው ላይ መመዝገቡ ከሌለ፣ መኪናው ደኅና ቢሄድም ስም ለማዞር ያስቸግራል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል። ገዢው ግን ዕቃውን ወዲያው መመርመርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት፤ እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት በኋላ ሊከስበት አይችልም። ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ የሞተሩን ቁጥር፣ የተለካውን ግፊት፣ ሻጩም ስለ ሞተሩ መከፈት የተናገረውን በጽሑፍ ማስፈር፣ ክፍያውንም ከመፈረም በፊት አለመጨረስ ነው።